መዳፍ ብቻ የምታሳይ መስኮት

ቆጣሪው ሁለተኛውን ቆጠራ ሳይጨርስ ሞተ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኛ ወለል ልትወለውል በሩን አንኳኳች። መልስ የለም። ገፋ ስታደርገው ተከፈተ፤ እሱ ራሱ ክው አደረጋት። ቆጣሪው በሩን ከውስጥ ሳይቆልፍ ሠርቶ አያውቅም። ጭንቅላቱ ከእብነ በረዱ ጠረጴዛ ሥር፣ እግሩ ወደ በሩ፣ በጀርባው ተዘርግቷል። በቀኝ እጁ አንዲት ትንሽ፣ ሲጫኗት ቁጥር የምትጨምር የእጅ መቁጠሪያ ጨብጧል። ሰማንያ ስድስት ትላለች።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሴትዮዋ ባልዲዋን ታቅፋ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ነበር።

"ቆጣሪው የምትሉት ለምንድን ነው?"

"ሥራው መቁጠር ነዋ፣ የኔ እመቤት።"

"ምን ይቆጥራል?"

ሴትዮዋ ግራ ቀኙን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "የወንዶችን ነገር።"

"ምናቸውን?"

"እንግዲህ አያስጨንቁኝ፤ እርስዎም አዋቂ ነዎት።" ባልዲዋን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። "ደግ ሰው ነበር። ማታ ሲወጣ የወለወልኩት እንዳይበላሽብኝ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ነበር የሚሄደው። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ጨክኖ ይገድላል?"

ኢንስፔክተሯ አልፋት ወደ ክፍሉ ገባች።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ማይክሮስኮፕ፣ ማቀዝቀዣ፣ የናሙና ማሞቂያ ሣጥን፣ አንድ ባለሦስት እግር መቀመጫ። በግድግዳው ላይ፣ ከወገብ ከፍ ሳትል፣ የእንጨት መዝጊያ ያላት ትንሽ መስኮት አለች። ልጅ እንቢ ያለው ወንድ ከማዶ ቆሞ እጁን ብቻ ያሾልክና ቁጥር የተጻፈበትን ኩባያ አስቀምጦ ይሄዳል። ቆጣሪው የሰውዬውን ፊት አያይም፤ ሰውዬውም የቆጣሪውን። ድሮ መስኮቷ ፊት ለፊት ነበረች አሉ። አንድም ወንድ አልመጣ ሲል ነው ወደ ታች ያወረዷት።

የሥራውን ሥርዓት አንዲት የክሊኒኩ ነርስ አስረዳቻት። ኩባያው ሲገባ ሰዓቱ ይጻፍበታል። ፈሳሹ እስኪቀጥን ግማሽ ሰዓት ማሞቂያው ውስጥ ይቆያል። ከዚያ ቆጣሪው በማይክሮስኮፕ አንዴ ይቆጥራል፤ ይጽፋል፤ ያንኑ እንደገና ይቆጥራል። ሁለቱ ካልተቀራረቡ ሁለቱንም ሰርዞ ከዜሮ ይጀምራል። የመጨረሻው ኩባያ የገባው ሦስት ሰዓት ከዐሥር ላይ ነበር። የመጀመሪያው ቆጠራ ተጽፏል፤ ሁለተኛው የለም።

ኢንስፔክተሯ በጣቷ ደመረች። ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ከማሞቂያው ወጣ። አንድ ቆጠራ ዐሥር ደቂቃ ይፈጃል። እንግዲህ ሰውዬው የሞተው ለአራት ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ነው። የሞቱን ሰዓት ራሱ መዝግቦ የሚሄድ ሟች ብዙ ጊዜ አይገጥማትም።

ጎንበስ አለች። የነጭ ጋዎኑ ኮሌታ ግራና ቀኝ ተጨማዷል። አንድ ሰው በሁለት እጁ አንቆ ይዞት፣ ገፍቶት፣ የእብነ በረዱ ጠርዝ የቀረውን ጨርሶታል። በኮሌታው እጥፋት ውስጥ ብርቱካንማ ብናኝ አለ።

"ዝገት?" አለቻት የፎረንሲክ ባለሙያዋን።

"ዝገት ይሁን፣ ቀለም ይሁን፣ ሲሚንቶ ይሁን... ሳምንት ስጪኝ።"

"ሁለት ቀን።"

"ሳምንት አልኩሽ እኮ!"

ሳጅኑ ግን ሁለት ሰዓትም አልፈለገ። ሳጅን ጨርሰው ነው የሚሉት። ስሙ አይደለም፤ የያዘው ጉዳይ እስከ ምሳ ካላለቀ ምሳው ስለማይወርድለት ጣቢያው ያወጣለት ቅጽል ነው።

"አለቀ!" አለ ከእንግዳ መቀበያው እየሮጠ መጥቶ። "ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሴራሚክ ሠሪ ውጤቱን ሊጠይቅ መጥቶ በመስኮቷ በኩል ጮኾበታል። 'ውሸታም! ይቺን እጅህን ነው የምሰብራት!' ብሎታል። ኮሪደር ሙሉ ሰው ሰምቷል። ቁጥር ሃያ ሰባት ይባላል፤ ስልኩም አድራሻውም ይኸው።"

"ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የጮኸ ሰው አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ለምን ይገድላል?"

"ንዴቱ እስኪበስልለት ነዋ! የጓሮው በር ክፍት ነበር። ብርቱካንማ ብናኝ አዩ? ሴራሚክ ሠሪ በሴራሚኮቹ መሀል የሚሞላው ባለቀለም ሲሚንቶ ምን ዓይነት ቀለም ይመስልዎታል?"

ኢንስፔክተሯ ያለቀ ጉዳይ ሲሏት አታምንም። ይሁንና ሰውዬውን አምጡት አለች።

*

ሴራሚክ ሠሪው ትከሻው በር የሚሞላ፣ እጁ ወፍራም፣ ጉልበቱ ላይ ሱሪው የሳሳ ሰው ነው። እጁ እንደ ሥራው አቧራ ለብሷል።

"ለምን ሰደብከው?"

"ሦስት ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ እንክብላቸውን ዋጥኩ። ቅዳሜ ናሙና ሰጠሁ። ዛሬ 'ጨመረ ወይ?' አልኩት፤ 'ያው ነው ወንድሜ' አለኝ። ያው ነው!"

"ታዲያ ጥፋቱ የሱ ነው?"

"ሌላ ማንን ልስደብ?"

"ከዚያ የት ሄድክ?"

"ሥራ።"

"ፎርማንህ አልመጣም ብሏል።"

"መንገድ ላይ ነበርኩ።"

"አንድ ሰዓት ተኩል? መጨረሻ የሌለው መንገድ ነው?"

ሰውዬው ጠረጴዛውን አየ። ሳጅኑ ጮኸበት፤ አልተናገረም። ውኃ ሰጡት፤ ጠጣ፤ አልተናገረም። በመጨረሻ ወደ ኢንስፔክተሯ ዘንበል አለ።

"አንድ ነገር ልለምንዎት። እናቴና ሚስቴ ይመጣሉ። ክሊኒኩ ለምን እንደሄድኩ እንዳይነግሩብኝ።"

"ሰው ገድለሃል ተብለህ እኮ ነው የተያዝከው። እሱ ሳያሳፍርህ ይሄ ያሳፍርሃል?"

"እሱ እውነት አይደለማ" አለ ሴራሚክ ሠሪው።

ኢንስፔክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። የሚዋሽ ሰው ብዙ አይታለች፤ እንዲህ ያለ መልስ ግን ከዋሾ አፍ ሰምታ አታውቅም። ደግሞ እሱም ማስረጃ አይሆንም።

ግቢው ውስጥ ሁለቱ ሴቶች ቆመው ነበር። እናቱ ቀድማ ተናገረች።

"ልጄ ክሊኒክ ምን ይሠራል? ወለል ሊያነጥፍ ነው እንጂ! ይቺ ናት ልቡን ያደረቀችው።" በአገጯ ወደ ምራቷ ጠቆመች። "ስድስት ዓመት! ስድስት ዓመት ቤቱ የልጅ ድምፅ አልሰማም። ሰው ቤቱ ባዶ ሲሆንበት ከሰው ይጣላል።"

ሚስቱ የልብስ ሰፊ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ነው ከሥራ የመጣችው። አማቷ እስክትጨርስ ጠበቀች። መጠበቅ የለመደችው ነገር እንደሆነ ያስታውቃል።

"ወለል ሊሠራ ነው የሄደው?" አለች ኢንስፔክተሯን። "መርፌውንም ኪኒኑንም ስወስድ የኖርኩት እኔ ነኝ። ክሊኒክ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ወለላቸው አዲስ ነው።"

"እሱን ራሱ ጠይቂው፣ እህቴ።"

"ይነግረኛል ብለሽ ነው?"

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፋይሉ ለዐቃቤ ሕግ ይተላለፋል። ኢንስፔክተሯ ወደ ቢሮዋ ስትመለስ ሳጅን ጨርሰው ፋይሉን አስሮ፣ እጁን ታጥቦ ጠበቃት።

"ፍታው" አለችው።

*

ረቡዕ ጠዋት የክሊኒኩን ዶክተር አገኘችው። ሽበቱን በጥንቃቄ ያበጠረ፣ ንግግሩ ሁሉ ትምህርት የሚመስል ሰው ነው።

"ብረት በአየር ይዝጋል አይደል? የሰውነት ሕዋስም እንደዚያው ይጎዳል። የወንድ ዘር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ስስ ነው። ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ካሮቲን ከዚህ ጉዳት ይከላከላሉ ይባላል።"

"ይባላል?"

ዶክተሩ ፈገግ አለ። "ጥሩ ጥያቄ። ለዚህ ነው የምንቆጥረው። አርባ ወንዶች አሉን። ሃያው ቫይታሚኑን፣ ሃያው ባዶ ዱቄት የሞላበት እንክብል በዕጣ ይወስዳሉ። ውጪው አንድ ዓይነት ነው። የትኛው ምን እንደሚውጥ እኔም አላውቅም፣ ቆጣሪውም አያውቅም፣ እነሱም አያውቁም። የሚያውቀው እንክብሉን የሚሞላው ፋርማሲስት ብቻ ነው።"

"ለምን ሦስት ወር?"

"አንድ የወንድ ዘር ተሠርቶ ለመውጣት ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈልጋል። በሳምንት ተሻለኝ የሚል ሰው ራሱን ነው የሚያታልለው።"

"ቆጣሪው ውጤቱን ሲነግርዎት ደስ አላሰኘዎትም ይሆን?"

ዶክተሩ ገባው። አልተቆጣም። "ማክሰኞ ከሦስት ሰዓት እስከ አራት ተኩል ቀዶ ጥገና ላይ ነበርኩ። ሁለት ነርሶች ነበሩ፤ በሽተኛውም ነቅቶ እግር ኳስ ሲያወራብኝ ነበር። ይጠይቁት፤ አፉ አይዘጋም።"

ጠየቀችው። አፉ አይዘጋም፤ ግን እውነት ነው።

የፋርማሲስቱ ክፍል ከቆጣሪው ክፍል ሁለት በር አልፎ ነው። ድምፁ የለሰለሰ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ተቀበላት። መቶ ቀዳዳ ያለው የእንክብል መሙያ ሰሌዳ፣ ሚዛን፣ የታሸጉ የፕላስቲክ ዕቃዎች በመስመር ተቀምጠዋል።

"ማክሰኞ የባዶው ቀን ነው" አላት። "ካሮቲኑ ቀለሙ ብርቱካንማ ስለሆነ ከነጩ ዱቄት ጋር እንዳይነካካ የተለየ ቀን አለው። ሰኞ ማታ ክፍሉን አጥባለሁ፤ ጓንትም ጋዎንም እቀይራለሁ። ማክሰኞ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ዘግቼ ነጩን ስሞላ ነበር። ሦስት መቶ እንክብል። ያውልዎት፣ ቀኑ ተጽፎበታል።"

"ድምፅ አልሰሙም?"

"የአየር መሳቢያው ይጮኻል።" ሚዛኑን በጨርቅ ጠረገ። "ያ የታሰረው ሰውዬ... ይበላል?"

"ቤተሰቡ ያመጡለታል።"

"ጥሩ" አለ ፋርማሲስቱ። "እሱ ጥሩ ነው።"

*

የቆጣሪው መሳቢያ ውስጥ ከዋናው መዝገብ ሌላ አንድ የተማሪ ደብተር ተገኘ። አርባው ቁጥር በየገጹ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ ገጽ አንድ ዙር ነው፤ ዙሩ በየሁለት ሳምንቱ። ከቆጠራው ጎን በአንዳንዱ ቁጥር ላይ በቢጫ እርሳስ የተጻፈ ነጥብ አለ። መጀመሪያው ገጽ ላይ ነጥብ የለም። በኋላ ይጀምራል።

"ጉቦ የከፈሉት ናቸው" አለ ሳጅኑ።

"ምን ለማስጨመር? ቁጥሩ እንደሆነ ንቅንቅ አላለም።"

"እሱን ነው የምልዎት። በልቶ አልሠራላቸውም፤ ገደሉት!"

ኢንስፔክተሯ ደብተሩን ይዛ ወደ ማረፊያ ክፍሉ ወረደች። ሴራሚክ ሠሪው የብረቱን ፍርግርግ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ሁለት ቀን በሳሙና ሲታጠብ የቆየ እጅ ነው፤ ጥፍሮቹ ነጽተዋል። መዳፉ ግን ቢጫ ነው። የበሰለ ፓፓያ ይመስላል።

"እጅህን አዙር እስቲ። ይሄ ሲሚንቶ ነው?"

"መስሎኝ ነበር። አይለቅም። ከአንድ ወር በላይ ሆነው።"

የጣቢያውን ጤና መኮንን አስጠራች። የሰውዬውን የዓይን ሽፋን ገልብጦ አየ፤ ምላስህን አውጣ አለው፤ ሆዱን ጫን አደረገው።

"ጉበት ቢሆን የዓይኑ ነጭ ቢጫ ይሆን ነበር። ዓይኑ እንደ ወተት ነው። ካሮት ይወዳል?"

"ካሮት?" አለ ሴራሚክ ሠሪው። "ጥንቸል ነኝ እንዴ?"

"እንግዲያው በኪኒን መልክ ወስዶታል። ካሮቲን ሲበዛ መዳፍ ላይ ነው የሚወጣው። አይገድልም። ሲያቆም ይለቀዋል።"

ኢንስፔክተሯ ሳጅኑን ይዛ ወደ ክሊኒኩ በረረች። በቆጣሪው ባለሦስት እግር መቀመጫ ላይ ተቀመጠች፤ ሳጅኑን በማዶ አቆመችው።

"እጅህን አስገባ።"

እጅ ገባ። ፊት የለም፣ ስም የለም፣ ደረት የለም። አንድ መዳፍ ብቻ።

"ምን ይታይዎታል?" አለ የሳጅኑ ድምፅ።

"ጥፍርህን ትበላለህ።"

እጁ ሾልኮ ወጣ።

እንግዲህ ቆጣሪው ፊት እንዳያይ ተብሎ በተሠራች መስኮት ሌላ ነገር ሲያይ ኖሯል። ማን ቫይታሚኑን፣ ማን ዱቄቱን እንደሚውጥ ማወቅ አልነበረበትም፤ መዳፋቸው ነገረው። ያየውን አለመመዝገብ ደግሞ አይችልበትም፤ ነጥብ አደረገበት። ሃያ ሰባት ቁጥር አጠገብም ነጥብ አለ።

ሴራሚክ ሠሪው የት እንደነበር ግን አሁንም አልተናገረም። ኢንስፔክተሯ መለመኑን ተወችና እንደሱ ሆና ማሰብ ጀመረች። ሚዛኑን የጠረጠረ ሰው ምን ያደርጋል? ሌላ ሚዛን ይፈልጋል። በከተማው ይሄን የሚቆጥሩ ሌሎች ሁለት ቦታዎች ብቻ አሉ። የመጀመሪያው ማክሰኞ ዝግ ነበር። ሁለተኛው የከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ያለ ሆስፒታል ነው። የላቦራቶሪዋ ሴት መዝገቧን ገለበጠች።

"ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ። አንድ ብቻ ነው። ግዙፍ ሰው። ስሙን ሲጠየቅ እንደ ተማሪ ጣሪያ እያየ ፈልጎ ነው ያገኘው። መዳፉ ቢጫ ስለነበር 'ወንድሜ፣ ጉበትህን ታየው' ብዬዋለሁ።"

"ውጤቱስ?"

"ሊወስድ አልመጣም። ዝቅተኛ ነው።" ቁጥሩን አሳየቻት። ከቆጣሪው ቁጥር ጋር እምብዛም አይለያይም።

መኪናው ውስጥ ሳጅኑ ፋይሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተከራከረ። "ስሙ የሱ አይደለም። ፊርማው የሱ አይደለም። 'መዳፉ ቢጫ የሆነ ግዙፍ ሰው' ብለን ለአለቃ እናቅርብ? ጥናቱ ላይ አርባ ሰው አለ እኮ።"

"ቢጫ መሆን ያለበት ሃያው ብቻ ነው።"

"ሃያም ብዙ ነው።"

ኢንስፔክተሯ ልትመልስለት ደብተሩን ከፈተች። የመጨረሻውን ገጽ ነበር የከፈተችው። ጣቷን በነጥቦቹ ላይ አወረደች። ከዚያ ደብተሩን ሰጠችው።

"ሳጅን፣ ነጥቦቹን ቁጠር።"

ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። "አርባ" አለ። "አርባውም ቢጫ ናቸው።"

"ሦስተኛው ገጽ ላይስ?"

"ሃያ።"

"አራተኛው?"

"ሃያ... አንድ።"

"አምስተኛው?"

"ሠላሳ አራት።" ሳጅኑ ቀና አለ። "ታዲያ ባዶውን የሚውጠው ማን ነው?"

"ማንም" አለች ኢንስፔክተሯ። "ማክሰኞ ጠዋት ነጭ ዱቄት ሲሞላ የነበረ ሰው የለም።"

ስልኳን አውጥታ ለፎረንሲክ ባለሙያዋ ደወለች።

"ሳምንት ብዬሻለሁ!"

"አንድ ነገር ብቻ። ከብናኙ ቅንጣት ዘይት ውስጥ ጨምሪና ምን እንደሚሆን ንገሪኝ። ከሴራሚክ ሠሪው ቦርሳ የወሰድነውንም ሲሚንቶ በሌላ ብልቃጥ።"

"ምግብ ልሠራልሽ ነው?" አለችና ዘጋች። ለዐሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ መልሳ ደወለች። ድምፅዋ ሌላ ሆኗል። "ሲሚንቶው ታች ዘቀጠ። የኮሌታው ግን ሟሟ። ዘይቱ ቢጫ ሆኗል፤ ካሮቲን ነው እንዲህ የሚያደርገው።"

*

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፋርማሲስቱ በሩን ሲከፍት ኢንስፔክተሯና ሳጅኑ ቆመው ነበር። ኢንስፔክተሯ ነጭ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ የማክሰኞ ቀን የተጻፈበትን ዕቃ አወረደች፤ አንድ እንክብል ከፍታ አራገፈችው።

ብርቱካንማ ነው።

ሁለተኛውን ከፈተች። ሦስተኛውን። ፋርማሲስቱ አላስቆማትም። እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ዕቃ ቆሟል።

"ማክሰኞ የባዶው ቀን ነው፤ ክፍሉ ታጥቧል፤ ጓንቱ ተቀይሯል ብለውኛል። እጅዎ ላይ የዚህ ብናኝ ሊኖር አይገባም ነበር። የቆጣሪው ኮሌታ ላይ አለ።"

"ተቀመጡ" አለ ሰውዬው፤ ራሱ ግን ቀድሞ ተቀመጠ። "ቁጥር ዐሥራ ሁለት ታላቅ ወንድሜ ነው።"

ኢንስፔክተሯ ደብተሩን ገልጣ ዐሥራ ሁለት ቁጥር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

"ዕጣው ባዶውን አወጣለት። ስምንት ዓመት ልጅ ያጣ ሰው። ያሳደገኝ ሰው። በየሁለት ሳምንቱ እየመጣ፣ 'ይሄ ነገር ይሠራልኛል አይደል?' እያለ፣ ዱቄት ልስጠው? ለሱ ቀየርኩለት። ከዚያ ደግሞ፣ ለኔ ወንድም ሰጥቼ ለሰው ወንድም ልከልክል? ቀስ በቀስ ሁሉንም ቀየርኳቸው። ማንም የሚያውቅ አልነበረም።"

"ቆጣሪው አወቀ።"

"ፊት ሳያይ!" ፋርማሲስቱ መዳፎቹን አየ። "ማክሰኞ ጠርቶኝ በሩን ከፈተልኝ። ቆጠራውን እንኳ አላቆመም፤ ዓይኑ ማይክሮስኮፑ ላይ ሆኖ፣ 'የሁሉም እጅ ቢጫ ሆኗል፤ ዛሬ ለዶክተሩ እነግረዋለሁ፤ አንተ ቀድመህ ብትነግረው ይሻላል' አለኝ። ሁለት ሳምንት ታገሠኝ አልኩት። 'የተቆጠረው ነገር መበላሸቱን እያወቅሁ አንድ ቀንም አልቆጥርም' አለና ሊወጣ ተነሣ። ኮሌታውን ያዝኩት። ላስቆመው ነበር። ላስቆመው ብቻ።"

"ሲወድቅ ሐኪም ለምን አልጠሩም? የቀዶ ጥገናው ክፍል ከዚያ በር ሃያ እርምጃ ነው፤ ለክቼዋለሁ።"

ፋርማሲስቱ የተከፈቱትን እንክብሎች በመዳፉ ሰበሰበ።

"ለአርባ ሰው አዝነዋል። የታሰረው ሰውዬ ከአርባዎቹ አንዱ ነው። እሱ በእርስዎ ፈንታ ወህኒ ሊወርድ ሲል 'ይበላል?' ብለው ጠየቁኝ።"

ሰውዬው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሳጅኑ ካቴናውን ሲያወጣ ግን ቀና አለ። "አንድ ነገር ንገሪኝ" አላት፤ ማዕረጉም አክብሮቱም ጠፍቶበታል። "ደብተሩ ላይ... ጨምሯል?"

ኢንስፔክተሯ ልትዋሽለት ትችል ነበር። ለቅጽበት አሰበችበትም። "አልጨመረም" አለችው። "ዶክተሩ እንደሚሉት ደግሞ ቢጨምርም ማንም ማመን አይችልም ነበር። ባዶውን የወሰደ ሰው ከሌለ የሚነጻጸር ነገር የለም። ሦስት ወር የአርባ ሰው ተስፋ ነው ያቃጠሉት።"

*

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሴራሚክ ሠሪው ቀበቶውንና የጫማ ማሰሪያውን ተረከበ። ኢንስፔክተሯ ራሷ ነበረች የሸኘችው።

"ጥፋተኛው ተገኝቷል" አለችው። "ማክሰኞ የት እንደነበርክ ደርሼበታለሁ፤ ፋይሉ ውስጥ ግን አያስፈልግም፤ አልጻፍኩትም። ወለል ሊሠራ ሄዶ በስሕተት ተያዘ ብትል የሚጠይቅህ የለም። እንደፈለግክ።"

ሰውዬው የጫማውን ማሰሪያ ሲያስር ብዙ ቆየ። ሁለቱንም እንደገና ፈትቶ አሰራቸው። ከዚያ ወጣ።

ግቢው ውስጥ እናቱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ስማው፣ አልቅሳ፣ ደግሞ ስማው፣ ከዚያ ወደ ምራቷ ዞረች። "አየሽ የእግርሽን ነገር? በገባሽበት ቤት መከራ አይጠፋም። ልጅ አልወለድሽለት፤ ጭራሽ..."

"እማዬ፣ እሷ አይደለችም።"

"ምኑ?"

"ልጅ ያልመጣው በኔ ነው። ክሊኒክ የሄድኩት ልታከም ነው። እኔ ነኝ።"

እናቱ አፉን በእጇ ልትይዝለት ሞከረች። "ዝም በል! ሰው ይሰማሃል!"

"ይስማ!" አለ፤ ድምፁ የተሰነጠቀ ቢሆንም ግቢውን ሞላው። በር ላይ ያለው ዘበኛ ዞረ። "እኔ ነኝ፣ እማዬ! እሷ ምንም የላትም!"

ሚስቱ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። አላለቀሰችም፤ አልተጠጋችውም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?"

"ሁለት ዓመት።"

"ሁለት ዓመት" አለች፣ ቃሉን ክብደቱን እንደምትለካ። "ባለፈው ዓመት ስድስቱን መርፌ ስወጋ ታውቅ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

ሚስቱ ወደ አማቷ ዞረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "እርስዎ ቤት ይግቡ። እኛ የምንነጋገረው አለን።"

አሮጊቷ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ልጇን አየች፤ ምራቷን አየች፤ ነጠላዋን ሰብስባ ብቻዋን ወደ በሩ ሄደች።

"አንተ ደግሞ" አለች ሚስቱ፣ "ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ ትነግረኛለህ። አንድ ሳታስቀር። እዚሁ።"

ሳጅን ጨርሰው ወደ ኢንስፔክተሯ ጠጋ አለ። "እናስወጣቸው? የፖሊስ ግቢ እኮ ነው። ይሄ ደግሞ እስከ ምሳ የሚያልቅ አይመስልም።"

"ተዋቸው። ወንበር አውጣ።"

"ሁለት?"

"አንድ" አለች ኢንስፔክተሯ። "ለሷ። እሱ ቆሞ ይናገር።"